ቁጥር የተሰጣት ከተማ

እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ብቻዬን ነኝ። ከኋላዬ የምትሰሙት ጩኸት የፒያሳ ነው፤ መስኮቱን ብዘጋው ሙቀቱ አያስቀምጠኝም።

ሰሞኑን አንድ ልብ ወለድ አንብቤ ጨረስኩ። የደራሲው የመጀመሪያ ሥራ ነው። ርእሱን አልጠራም፤ ልጣላው ስለሆነ ጀማሪን በአደባባይ ስሙን እየጠሩ መጣላት ደስ አይለኝም። ታሪኩ ገና ወደፊት በምትመጣ ከተማ ውስጥ ነው። መንግሥት በአንድ ሌሊት የሰፈሮቹን ስም ሁሉ ያነሣና ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ በማግስቱ ሕዝቡ የድሮውን ስም እርግፍ አድርጎ ይተወዋል።

ይህን ክፍል ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ቡና እየቆላች ነበር። ዞር እንኳን ሳትል፣ «ይኼማ ቀበሌ ነው» አለችኝ።

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እውነቷን ነው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወረስ ነዋሪው በቀበሌ ተደራጀ፤ ከቀበሌ በላይ ደግሞ ከፍተኛ፣ ሁሉም በቁጥር። መታወቂያው በቁጥር፣ ስብሰባው በቁጥር፣ የስኳሩ ወረፋ በቁጥር። መንገድ ሲጠያየቅ ግን ሰው ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱ፣ ሰባራ ባቡር ማለቱን አልተወም። እስቲ ሰባራ ባቡርን አስቡት፤ በምኒልክ ዘመን የመጣ የእንፋሎት ተሽከርካሪ ተበላሽቶ የቀረበት ቦታ ነው። ብረቱ ከጠፋ ስንት ዘመኑ! ፒያሳም ቢሆን የጣልያን ቃል ነው። ባለቤቶቹ በ1933 ዓ.ም. ተሸንፈው ሲወጡ ቃሉን ይዘውት አልሄዱም፤ እኛም አላባረርነውም።

ጠቤ እዚህ ላይ ነው። ደራሲው የማኅተሙን ጉልበት አጋንኖ የሕዝቡን አፍ ንቋል። ደግሞ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንድም ሰው አይቀልድም! እዚህ አገር ንጉሥ «እረኛ ምን አለ?» ብሎ ያስጠይቅ የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም። የእርሱ ከተማ ካሜራ ሞልቷታል፤ የሚሰማ ነገር ግን የላትም። ማንም አያንጎራጉርም፣ ማንም አያሾፍም። እንዲህ ያለ ጭቆና ለጨቋኙም ሳይሰለቸው አይቀርም።

አንድ ቦታ ብቻ ያዘኝ። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ለታመመች እኅቷ ሐኪም ስትጠራ፣ ተጨንቃ፣ የሰፈራቸውን ቁጥር ትናገራለች። ያስገደዳት የለም፤ ሐኪሙ ፈጥኖ እንዲደርስ ብቻ ነው። ደራሲው አንዲት ቃል ሳይጨምር ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ያልፋል። መጀመሪያ ሳነበው እኔም አልፌው ነበር።

ባለፈው ሳምንት በስልክ ታክሲ ጠራሁ። ሹፌሩ ለጋ ወጣት ነው።

«ወዴት ነው ጋሼ?»

«ዶሮ ማነቂያ» አልኩት። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲባል ፈርሷል፤ ለእኔ አሁንም ያው ዶሮ ማነቂያ ነው።

ልጁ ስልኩን ነካካ፤ ትንሽ ቆየና በትሕትና፣ «አላገኘሁትም፤ በሌላ ስም ምን ይባላል?» አለኝ።

ቸኩዬ ነበር። አፌ ላይ ቀድሞ የመጣልኝን ነገርኩት፦ «ዓድዋ ሙዚየም ጋ አድርሰኝ።»

ወዲያው አገኘው።