የሚያብረቀርቁ የእርሳስ ወታደሮች፦ በአንድ የስብስብ ኤግዚቢሽን መክፈቻ ላይ የተደረገ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣

የሥራ ቀን ድካማችሁን ችላችሁ ይህን አነስተኛ ኤግዚቢሽን ለመክፈት ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። በመስታወት ሣጥኖቹ ውስጥ ተሰልፈው የምታዩአቸው ወታደሮች አብዛኞቹ እዚሁ ለንደን ውስጥ ለልጆች መጫወቻ እንዲሆኑ የተሠሩ ናቸው። ይህን ከመጀመሪያው ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛ በሰብሳቢዎች መካከል አሻንጉሊት መሰብሰባቸውን ለሰው መናገር የሚያሳፍራቸው፣ አፍረውም የያዙትን ዕቃ ከተሠራበት ዓላማ ከፍ ያለ ለማስመሰል የሚደክሙ ጥቂት አይደሉም። በእኔ እምነት ግን የእርሳስ ወታደር ዋጋው ያለው በአሻንጉሊትነቱ ነው፤ ሰዎች በአንድ ዘመን ወታደርን ለልጆቻቸው እንዴት አድርገው እንዳሳዩ የሚመሰክርልን ሳይነካና ሳይታደስ እንደነበረ ሲቆይ ብቻ ነው። ዛሬ የምናገረው ሁሉ ከዚህ እምነት የሚነሣ ነው። የኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ብዬ ካልለየሁ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውንም አስቀድሜ ላሳስብ።

ከለንደን በፊት የዚህ ሙያ ዋና መዲና የጀርመኗ ኑረምበርግ ነበረች። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኋለኛው አጋማሽ የኑረምበርግ ቆርቆሮ ሠሪዎች ከጎን ሲታዩ ሙሉ ሰው የሚመስሉ፣ ከፊት ሲታዩ ግን እንደ ቢላዋ የሳሱ ጠፍጣፋ ወታደሮችን ማውጣት ጀመሩ፤ በ1839 የተቋቋመው የሃይንሪክሰን ቤትም 30 ሚሊ ሜትር የሚሆነውን ቁመት እንደ መለኪያ አስለመደ። የድሬዝደኑ ሃይደና የፓሪሱ ሚኞ ደግሞ ከየትኛውም ጎን ቢታዩ ሙሉ የሆኑ፣ ውስጣቸውም ድፍን የሆነ ወታደሮችን ለገበያ አቀረቡ። ውበታቸው አያጠያይቅም። ሆኖም ድፍን እርሳስ ከባድም ውድም ነውና ሙሉ ሬጅመንት አሰልፎ መጫወት የሚችለው የባለጸጋ ልጅ ብቻ ነበር።

ይህን የለወጠው ትንሹ ዊልያም ብሪተን ነው። ከአባቱ ጋር በሰሜን ለንደን አሻንጉሊት ይሠራ የነበረው ይህ ሰው በ1893 ወታደሩን ውስጡ ባዶ አድርጎ የመሥራት ዘዴን ለገበያ አበቃ። ዘዴው ሲነገር ቀላል ይመስላል። ቀልጦ የተዘጋጀው የእርሳስ፣ የቆርቆሮና የአንቲሞኒ ቅይጥ ወደ ብረት ፎርማ ይፈስሳል፤ የፎርማው ግድግዳ ቀዝቀዝ ያለ በመሆኑ እርሱን የነካው ቅይጥ ወዲያው ሲረጋ መካከሉ ገና ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። በዚያች ቅጽበት ሠራተኛው ፎርማውን ገልብጦ ያልረጋውን መልሶ ያፈስሰዋል፤ በፎርማው ውስጥ የሚቀረው ቅርፊቱ ብቻ የሆነ ወታደር ነው። ጥቂት ቢዘገይ ወታደሩ ይደፈናል፤ ቢቸኩል ደግሞ እጅ ወይም ጠመንጃ የጎደለው ይወጣል። ጥበቡ ያለው በሠራተኛው እጅ ልማድ ውስጥ ስለነበረ አንድ ሰው ያንኑ እንቅስቃሴ ቀኑን ሙሉ ሳይሳሳት መደጋገም ነበረበት። በዚህ ዘዴ የተሠራው ወታደር ቀላል፣ ቅይጥ የሚቆጥብ፣ ከጀርመኖቹም የረከሰ ስለሆነ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የእንግሊዝን ገበያ ያዘ። የመጀመሪያው ሣጥን ቁጥር 1 የንጉሣዊው ቤት ፈረሰኞችን፣ ማለትም ላይፍ ጋርድስን የያዘ ነበር። የ54 ሚሊ ሜትር ቁመት የተመረጠውም በጊዜው ከነበሩት የአሻንጉሊት ባቡሮች ከአንደኛው መጠን ጋር እንዲስማማ ነው፤ ይኸው ቁመት እስከ ዛሬ የሙያው መለኪያ ሆኖ ቀርቷል።

አሁን ወደ ማብረቅረቁ ልምጣ። ከፎርማ የወጡትን ወታደሮች ከሚቀቡት መካከል ብዙዎቹ በየቤታቸው ተቀምጠው በቁጥር እየተከፈላቸው የሚሠሩ ሴቶች ነበሩ። በቁጥር የሚከፈለው ሰው ጥላና ብርሃን እየለየ የሚቀባበት ጊዜ የለውም። ቀይ ኮት አንድ ቀይ ነው፤ ጥቁር ቦት አንድ ጥቁር ነው፤ ዓይኑ ነጥብ፣ ጉንጩም ትንሽ ሮዝ ቀለም ብቻ ነው። በላዩ ያለው የሚያብረቀርቅ ቀለም የልጅ እጅ ሲያሻሸው ቶሎ እንዳይለቅ ይረዳል፤ በሱቅ መስኮት ውስጥም የአላፊ አግዳሚውን ዓይን ይይዛል። እንግዲህ አሁን ውበቱን የምናደንቀው ማብረቅረቅ ከፍጥነት፣ ከርካሽነትና ከልጅ እጅ ጠባይ የተወለደ ነው። ይህን ሳውቅ ዕቃው በፊቴ አላነሰም፤ እንዲያውም በአንድ ወታደር ጉንጭ ላይ ያረፈችውን ሮዝ ነጥብ ሳይ ስሟን የማላውቃትን ሴት የብሩሽ ምት እያየሁ እንደሆነ ይሰማኛል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ሌላ ምርጫ እየጎላ መጣ። ወታደሩን በደብዛዛ ቀለም፣ በጥላ፣ በጭቃና በደም ጭምር እውነተኛውን ሰው እንዲመስል የሚቀቡ የእጅ ባለሙያዎች ተነሡ፤ ከእነርሱም መካከል እጅግ የተካኑ አሉ። በሙያቸው ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ከ80 ዓመት በፊት የተቀባን የሚያብረቀርቅ ወታደር ወስዶ ቀለሙን አጥቦ፣ በራሱ ደብዛዛ ቀለም ቀብቶ «አሻሻልሁት» በሚለው ላይ ነው። የተላጠ ቀለም፣ የተሰበረ ጠመንጃ፣ አንድ ልጅ በክብሪት እንጨት የጠገነው አንገት ሁሉ የዕቃው ታሪክ ነው። ታድሶ የተቀባው ወታደር በጨረታ ላይ ዋጋው የሚወድቀውም ገዢው በአጉል ጥንቃቄ ስለሚመራ አይመስለኝም፤ ተመልሶ የማይገኝ ነገር ከላዩ እንደጠፋ ስለሚያውቅ ነው። በ1966 የብሪተን ፋብሪካ በልጆች ጤና ላይ ባለው የእርሳስ አደጋ የተነሣ ይህን ዓይነቱን ወታደር መሥራት አቆመ። ቀደም ሲልም በ1945 ድሬዝደን በአየር ስትደበደብ የሃይደ ፋብሪካ አብሮ ጠፍቷል። ከዚያ በኋላ በአሮጌው ስልት የሚያብረቀርቁ ወታደሮችን የሚሠሩ አዳዲስ አነስተኛ ድርጅቶች መነሣታቸው ቢያስደስተኝም የእነርሱ ሥራ ለሰብሳቢ እንጂ ለልጅ ስላልታሰበ ለእኔ ሌላ ዕቃ ነው።

በግራ በኩል ወዳለው ሣጥን ፊታችሁን እንድትመልሱ እለምናለሁ፤ ብዙዎቻችሁ የመጣችሁትም እርሱን ለማየት እንደሆነ እገምታለሁ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሽስት ኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻግሮ አገራችንን ሲወር ወሬው የዓለምን ጋዜጦች ሞላ፤ የብሪተን ፋብሪካም እንደ ማንኛውም ነጋዴ ገበያውን ተመለከተ። በዚያው ሰሞን በመዝገቡ ቁጥር 1424 ተብሎ የንጉሠ ነገሥቱ የክብር ዘበኛ፣ በቁጥር 1425 ደግሞ የአበሻ ጦረኞች ወጡ፤ ብዙም ሳይቆይ በ1435 እና በሚቀጥሉት ቁጥሮች የኢጣሊያ እግረኞችና ካራቢኔሪ የሚባሉት ወታደራዊ ፖሊሶች ተከተሉ። የለንደን ልጅ በአንድ ሱቅ ውስጥ ሁለቱንም ወገን ገዝቶ በምንጣፍ ላይ ሊያዋጋቸው ይችል ነበር ማለት ነው።

የክብር ዘበኛውን ስመለከት ብዙም አይከፋኝም። ይህ ጦር ከ1930 ጀምሮ በቤልጂየም መኮንኖች እየሠለጠነ ዩኒፎርም ለብሶ ይሰለፍ ስለነበር ከአንድ ፎርማ ስምንት ጊዜ ወጥቶ ጠመንጃውን በትከሻው ይዞ ሲጓዝ ቢታይ ከእውነቱ ብዙ አልራቀም። እነዚሁ ሰዎች መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ምን እንደሆኑ ለእናንተ መናገር አያስፈልገኝም። ሁለተኛው ሣጥን ግን ያስቸግረኛል። በውስጡ ነጭ ልብስ የለበሱ፣ ጠመንጃ የያዙ፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ ሰዎች አሉ። በክተት አዋጁ ከራስ ካሳ፣ ከራስ ሥዩም፣ ከራስ ሙሉጌታና ከራስ እምሩ ጋር የዘመተው ሠራዊት ግን የዚህ ተቃራኒ ነበር። አንዱ ሸማ፣ አንዱ ካኪ፣ አንዱ ለምድ ለብሶ፣ አንዱ ጎፈር ደፍቶ፣ ውጅግራም ምንሽርም አልቢንም የሚባሉ ልዩ ልዩ ጠመንጃዎች ይዞ፣ እያንዳንዱ በየአለቃው ሥር ገብቶ የዘመተ ጦር ነው። ከአንድ ፎርማ የሚወጣ ወታደር የሚስማማው ልብሱም መሣሪያውም አንድ ለሆነ ሬጅመንት ብቻ ስለሆነ የዚያን ሠራዊት መልክ በዚህ ዘዴ ማሳየት አይቻልም ነበር። የለንደኑ ቀራጭ የተሳነው በክፋት ነው ብዬ አላምንም፤ ዘዴው ራሱ ሁሉንም ሰው ዩኒፎርም ያለብስ ስለነበር ነው።

እዚህ ላይ አንድ አዋቂ ሰው «የእኛ ሠዓሊዎችስ በአድዋ ሥዕሎች ላይ ተመሳሳይ ፊት ያላቸው ወታደሮችን ደርድረው የለምን?» ብሎ ሊሞግተኝ ይችላል። እውነት ነው፤ ደርድረዋል፣ ቀለሙም እንደዚሁ የጎላና ጥላ የሌለው ነው። ነገር ግን ሠዓሊው ወገኑን በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት፣ ጠላቱን ደግሞ በአንድ ዓይኑ ከጎን ሲያሳይ ለማን እንደሚያደላ ሳይደብቅ ተናግሯል። የብሪተን ሣጥን አያደላም፤ ለሁለቱም ወገን ያንኑ ሮዝ ወይም ቡናማ ጉንጭ፣ ያንኑ ማብረቅረቅ ሰጥቶ በአንድ ዋጋ ይሸጣቸዋል። ይህን አለማድላት እንደ ጽድቅ ልቆጥርለት እችላለሁን? ዛሬም አልወሰንሁም። የማውቀው ግን ሣጥኑን እኔ ዘንድ እንዲገኝ የምፈልገው ስለ ሠራዊታችን ከሚነግረኝ ይልቅ በዚያ ዓመት እንግሊዛዊ አባት ስለ እኛ ለልጁ ምን ያህል እንደነገረው ስለሚያሳየኝ ነው።

ከማኅበረሰባችን ታላላቆች አንዳንዶቹ «ከጦርነት ሸሽቶ የመጣ ሰው የጦር አሻንጉሊት ምን ያደርግለታል?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ልጆቻቸውን የቀበሩ ወላጆች ወታደር መግዛት ስለሰለቻቸው የብሪተን ፋብሪካ ራሱ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ላሞችን፣ በጎችንና ገበሬዎችን ማውጣት ጀምሮ ነበር፤ ከእነርሱም ጥቂቶቹ ከበስተኋላ ባለው ሣጥን ውስጥ አሉ። በሌላ በኩል አሻንጉሊቱ ልጅን ወደ ጦር ሜዳ የሚወስድበት ጊዜ እንዳለ አልክድም። ዊንስተን ቸርችል በልጅነቱ 1,500 ያህል ወታደሮች ነበሩት፤ ባዶው ወታደር ገና ያልተፈጠረበት ዘመን ነው። አንድ ቀን አባቱ መጥተው ሰልፉን በጥሞና ከመረመሩ በኋላ ወታደር መሆን ይፈልግ እንደሆነ ጠየቁት፤ እርሱም አዎን አለ። አባቱ የጦር ብልሃት አይተውብኛል ብሎ ለዓመታት ሲኮራ ከቆየ በኋላ በሕግ ሙያ ለመሥራት የሚበቃ አእምሮ የለውም ብለው ስለደመደሙ ብቻ እንደነበረ ሰማ። አን ብራውን የተባሉት አሜሪካዊት ደግሞ በ1930 በጫጉላ ጉዟቸው አውሮፓ ውስጥ የገዙአቸው ወታደሮች ዩኒፎርማቸው ትክክል መሆኑን ለማጣራት ሲሉ ሥዕሎችንና መጻሕፍትን መሰብሰብ ጀመሩ፤ ያ ስብስብ ዛሬ በፕሮቪደንስ በብራውን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተመራማሪዎች የሚገለገሉበት የጦር ታሪክ መዝገብ ሆኗል። አንዱ ወታደር ወደ ጦር ሜዳ፣ ሌላው ወደ ቤተ መጻሕፍት ይመራል። የትኛው እንደሚሆን እርሳሱ አይወስንም።

መሰብሰብ ለመጀመር ለምታስቡ ጥቂት ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ወታደሩን ገልብጣችሁ መቆሚያውን ተመልከቱ፤ ሞላላ መቆሚያ በአብዛኛው ከአራት ማዕዘኑ ይቀድማል። ብሪተን ሥራውን አስመስለው የሚሠሩበትን ሰዎች ለመከላከል በመጀመሪያ የወረቀት ምልክት፣ ኋላ ደግሞ በቅይጡ ላይ የታተመ ጽሑፍ ስለሚያኖር እርሱም ዘመኑን ለመለየት ይረዳል። ቀዩ ካርቶን ሣጥን ከነጽሑፉ ካለ አትጣሉት። ወታደሮቹን ግን በኦክ እንጨት ቁም ሳጥን ውስጥ ፈጽሞ አታኑሩአቸው፤ እንጨቱ የሚያወጣው የአሲድ ትነት እርሳሱን እየበላ ወደ ነጭ ዱቄት ይለውጠዋል፤ አንዴ ከጀመረ የጠፋውን መመለስ አይቻልም። እርጥበት የሌለበት፣ አየር የሚዘዋወርበት የብረትና የመስታወት መደርደሪያ ይሻላል። ከነካችኋቸው በኋላ እጃችሁን ታጠቡ፤ ቀለሙም ሆነ ቅይጡ እርሳስ ስላለበት ለሕፃን መጫወቻነት አይሰጥም።

ይዛችሁ ለመጣችሁት ልጆች ሲባል በመግቢያው አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ የፕላስቲክ ወታደሮች፣ ላሞችና በጎች ተዘጋጅተዋል፤ እነርሱን እንደልባቸው ያዋጉ፣ ያሰማሩም። የ1425ቱን ሣጥን በተመለከተ ግን፣ አያቱ ወይም አባቱ በዚያ ዘመቻ የተሳተፈ ሰው በመካከላችን ካለ፣ ምን ለብሶና ምን ይዞ እንደዘመተ የሰማውን ከሣጥኑ አጠገብ ባስቀመጥሁት መዝገብ ላይ እንዲጽፍልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። አመሰግናለሁ።