ሳሎን መሀል የሚነደው እሳት፦ ሂንዱዎች ሀቫን ሲያደርጉ ቤት ውስጥ ምን ይሆናል?

እሱ፦ ሰላም ሰላም እንዴት ከረማችሁ፣ ዛሬ በቀጥታ ወደ ጉዳያችን ነው የምንገባው ምክንያቱም አንድ መልእክት ደርሶን እኔም እሷም ሰሞኑን ስናወራበት ነው የሰነበትነው። አንዲት እህታችን ዱባይ የህንድ ቤተሰብ ጋ ትሠራለች፣ አሠሪዎቿ አዲስ ቤት ሊገቡ ነው፣ እና ቤት ውስጥ እሳት እናነዳለን አንቺም ታግዢናለሽ አሏት፣ ምንድነው ይሄ ነገር፣ ምኑን ልንካ ምኑን አልንካ፣ ከሃይማኖቴስ ጋር እንዴት ነው ብላ ጻፈችልን።

እሷ፦ ጥያቄው በጣም ነው ደስ ያለኝ። ብዙ ልጆቻችን እዛ ቤት ስንት ዓመት ሠርተው የሚያዩትን ነገር ቁጭ ብሎ የሚያስረዳቸው ሰው የለም፣ ሳያውቁት ይፈሩታል ወይ ደግሞ ሳያውቁ አንድ ነገር ይነኩና ይጮህባቸዋል። እኔ ህንድ ፑኔ ከተማ ተማሪ በነበርኩ ጊዜ አከራያችን ለልጃቸው ቤት ሲያስመርቁ ጠርተውኝ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቁጭ ብዬ አይቻለሁ፣ ከዛ በኋላም ደጋግሜ አይቻለሁ፣ ጠይቄያለሁ፣ አንብቤያለሁ።

እሱ፦ እስቲ ከመሠረቱ ጀምሪልን።

እሷ፦ ሰሜኖቹ ሀቫን ይሉታል ደቡቦቹ ሆማ። እሳት ይነዳል፣ ወደ እሳቱ ቅቤ፣ እህል፣ ቅጠላ ቅጠል እየተጨመረ ይጸለያል። እሳቱ እነሱ ዘንድ አግኒ የሚባል አምላክ ነው፣ ግን ደግሞ መልእክተኛ ነው፣ ከሰው የተሰጠውን ተቀብሎ ለሌሎቹ አማልክት የሚያደርስ። ስለዚህ ያ ሁሉ ቅቤ ተቃጥሎ ባከነ አይሉም፣ ደርሷል ነው እምነታቸው። ቤት ሲገባ ይደረጋል፣ ሠርግ ላይ፣ ልጅ ስም ሲወጣለት፣ ልደት ላይ፣ ናቭራትሪ የሚባለው የዘጠኝ ሌሊት በዓል መጨረሻ ላይም፣ እንደ ቤተሰቡ ነው።

እሱ፦ እና ይሄ ሁሉ ሳሎን ውስጥ?

እሷ፦ ሳሎን ውስጥ! እኔም መጀመሪያ ምን ብዬ ነበር መሰለህ፣ ቤተ መቅደስ ያላቸው ሰዎች ለምን ቤታቸውን ያጨሳሉ። ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፣ እሳቱ ከቤተ መቅደሱ በፊት የነበረ ነው፣ የቤት ነው፣ እሱን ቆይ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ዕቃዎቹን ልንገርህ ምክንያቱም ልጅቷ ማወቅ ያለባት እሱን ነው። ኩንድ የሚባል እሳቱ የሚነድበት ነገር አለ፣ ብዙ ጊዜ የመዳብ ወይ የብረት ነው፣ አራት ማዕዘን፣ ከላይ ሰፊ ሆኖ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ። እሱ ከሌለ ወለሉ ላይ አሸዋ አፍስሰው በጡብ አራት ማዕዘን ይሠራሉ፣ አከራያችን ቤት እንደዛ ነበር። እንጨቱ የማንጎ ነው ብዙ ጊዜ፣ ደረቅ፣ ቀጫጭን ተደርጎ የተቆረጠ። ከዛ ቅቤ፣ የተነጠረ ግን ቅመም የሌለው፣ የኛን ኮረሪማና ኮሰረት የገባበትን እንዳታስቢ እህቴ። ከዛ ሳማግሪ የሚሉት ድብልቅ አለ፣ ሰሊጥ፣ ገብስ፣ ሩዝ፣ የሰንደል እንጨት ፍቅፋቂ፣ ሙጫ፣ የደረቀ ቅጠልና ሥራ ሥር፣ በፓኬት ተዘጋጅቶም ይሸጣል። ካምፎር አለ፣ ነጭ ነጭ ከረሜላ የመሰለ፣ ክብሪት ሲነካው ወዲያው ቦግ የሚል፣ እሳቱ የሚለኮሰው በሱ ነው። እና እዚህ ጋ አንድ ነገር፣ ካምፎር ከተዋጠ መርዝ ነው፣ ልጅ ደግሞ ከረሜላ ይመስለዋል፣ ስለዚህ ያ ሳህን ሕፃን የማይደርስበት ቦታ መቀመጡን አንቺ እዪው።

እሱ፦ ይሄን ማንም አይነግራትም ነበር።

እሷ፦ በቃ ከዛ ቤተሰቡ ታጥቦ፣ ንጹህ ልብስ ለብሶ፣ ባልና ሚስት ጎን ለጎን ወለል ላይ ይቀመጣሉ። ፓንዲቱ፣ ማለት ሥርዓቱን የሚመራው ቄሳቸው፣ እጃቸው ላይ ቀይ ክር ያስርላቸዋል፣ ከእጃቸው መዳፍ ውሃ ሦስቴ ፉት ይላሉ። ከዛ ሳንካልፓ የሚሉት አለ፣ እኔን ከሁሉም በላይ የገረመኝ እሱ ነው። ሰውየው መዳፉ ላይ ውሃና ሩዝ ይዞ ማን እንደሆነና የት እንዳለ ይናገራል፣ በየትኛው የዓለም ዘመን፣ በየትኛው ምድር፣ በየትኛው ከተማ፣ በየትኛው ወር በየትኛው ቀን፣ ከማን ዘር፣ ስሜ እገሌ፣ ሚስቴ እገሊት፣ ይሄን የማደርገው ለዚህ ነው ብሎ። ከዓለም አፈጣጠር ጀምሮ እየጠበበ እየጠበበ መጥቶ እዛች ሳሎን ላይ ያርፋል። ከዛ ነው እሳቱ የሚለኮሰው።

እሱ፦ ዋው። እሳቱ ሲነድስ?

እሷ፦ ባልየው በረጅም እጀታ የእንጨት ማንኪያ ቅቤ ይዟል፣ ሌሎቹ ዙሪያውን ሳማግሪ በእጃቸው ይዘዋል። ፓንዲቱ ማንትራውን፣ ማለት የጸሎቱን ቃል፣ በጥንቱ ቋንቋቸው በሳንስክሪት ያነበንባል፣ መጨረሻው ላይ ሁሉም አንድ ላይ "ስቫሃ!" ይላሉ፣ ልክ በዛች ቃል ላይ ቅቤው ይፈሳል እህሉ ይጣላል። አጣጣሉም ሥርዓት አለው፣ በአውራ ጣት፣ በመሀል ጣትና በቀለበት ጣት ነው የሚያዘው፣ አመልካች ጣትና ትንሿ ጣት አይገቡበትም፣ መዳፍ ወደ ላይ ሆኖ ወደፊት ገፋ ታደርገዋለህ። ቅቤው እሳቱን ሲነካ ሽው ብሎ ነበልባሉ ይነሳል፣ ሰሊጡ ጠሽ ጠሽ ይላል፣ ከዛ ደግሞ ማንትራ፣ ደግሞ ስቫሃ፣ ሃምሳ ጊዜ፣ መቶ ስምንት ጊዜ፣ እንደ ቤቱ ነው። አንዳንዶቹ ቅቤውን ካፈሰሱ በኋላ "ይሄ ለአግኒ ነው፣ የኔ አይደለም" የሚል ይጨምራሉ። እሳቱ ቀዝቀዝ ካለ በማራገቢያ ያራግቡታል እንጂ በአፍ እፍ አይሉትም፣ የአፍ ትንፋሽ ያረክሰዋል ብለው ነው፣ ስለዚህ እህቴ ላግዝ ብለሽ እፍ እንዳትይ።

እሱ፦ ቅድም ከቤተ መቅደሱ በፊት ነበር ያልሽው።

እሷ፦ አዎ ወደሱ ልምጣ። የመጀመሪያው መጽሐፋቸው ሪግ ቬዳ ይባላል፣ ከ1,000 በላይ መዝሙር አለው፣ ከ3,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ነው፣ ለብዙ ዘመን ሳይጻፍ በቃል ብቻ ከአባት ወደ ልጅ የወረደ፣ እና የዛ መጽሐፍ የመጀመሪያዋ ቃል የአግኒ ስም ናት። በዛን ዘመን ዛሬ የምናያቸው ዓይነት ትላልቅ መቅደሶች የሉም፣ ምስልም የለም፣ እሳት ነው ያለው። ከዛ በኋላ ደግሞ የቤት ውስጥ ሥርዓትን ብቻ የሚደነግጉ ግሪህያ ሱትራ የሚባሉ ጽሑፎች መጡ፣ እነሱ ምን ይላሉ መሰለህ፣ ሰው ሲያገባ የሠርጉን እሳት ይዞ ቤቱ ይገባል፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ያ እሳት መጥፋት የለበትም። ማን ይጠብቀዋል ሲባል አንዱ ጽሑፍ ወይ ሰውየው ራሱ፣ ወይ ሚስቱ፣ ወይ ወንድ ልጁ፣ ወይ ሴት ልጁ፣ ወይ ተማሪው ይላል። ሴት ልጁ ጭምር፣ በዛ ዘመን! እና ትልልቆቹን የመሥዋዕት እሳቶች ሲጠብቅ የኖረ ሰው ሲሞት ደግሞ በነዛው በራሱ እሳቶች ነው የሚቃጠለው፣ ማንኪያዎቹና ዕቃዎቹ ሬሳው ላይ ተደርድረው። ዛሬም እንደዛ የሚኖሩ በጣም ጥቂት ቤተሰቦች ደቡብ ህንድ ውስጥ አሉ።

እሱ፦ ማለት ከሠርግ እስከ ቀብር አንድ እሳት።

እሷ፦ አንድ እሳት። ሠርጉ ላይማ እስከ ዛሬ ሕግ ነው። የ1955ቱ የህንድ የሂንዱ ጋብቻ ሕግ አንቀጽ 7 ላይ፣ የሰባቱ እርምጃ ሥርዓት ባለበት ቦታ ጋብቻው የሚጸናው ሙሽሮቹ እሳቱ ፊት ሰባተኛውን እርምጃ ሲረግጡ ነው ይላል። ስድስተኛው ላይ ገና ነው ማለት ነው። 2024 ላይ ደግሞ የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሥርዓቱ ነገር ሳይፈጸም የምዝገባ ወረቀት ብቻውን የሂንዱ ጋብቻ አያደርግም ብሎ ወስኗል። ስለዚህ ይሄ እሳት ጌጥ አይደለም፣ ምስክር ነው።

እሱ፦ ግን አሁን ሁሉም ቤት በየቀኑ አያነድም አይደል?

እሷ፦ አያነድም፣ አብዛኛው ቤት የሚያነደው ጉዳይ ሲኖር ነው። በየቀኑ የሚያደርጉት ውስጥ ግን የአርያ ሳማጅ ሰዎች አሉ። ዳያናንዳ ሳራስዋቲ የሚባል መነኩሴ 1875 ቦምቤይ ላይ የመሠረተው እንቅስቃሴ ነው፣ ምስል ማምለክ ይቅር፣ ወደ ቬዳ፣ ማለት ሪግ ቬዳን ወደያዙት ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍት፣ እንመለስ ብሎ ሀቫንን ወደየቤቱ መለሰው፣ ሴትም ከየትኛውም ወገን የተወለደም ቬዳ ማንበብ ይችላል አለ፣ ያኔ ደግሞ ይሄ ትልቅ ድፍረት ነው። የነሱ ቤት ብትሆኚ ፓንዲት ላይኖር ይችላል፣ እናትየዋ ራሷ ትመራዋለች። እኔ በግሌ የሚነካኝ ይሄኛው ነው፣ የቤቱ ሰው በራሱ አፍ በራሱ እጅ ሲያደርገው። ፓንዲት ተከፍሎት በፍጥነት አነብንቦ ቤተሰቡ ስልክ ሲነካካ ያየሁበትም ቤት አለ፣ ያ ደስ አይልም።

እሱ፦ ጭሱስ? አየር ያጸዳል፣ ባክቴሪያ ይገድላል የሚል ነገር ቪዲዮ ላይ ብዙ አያለሁ።

እሷ፦ እኔ ይሄን ነገር መደገፍ አልፈልግም። ጭስ ጭስ ነው፣ አስም ያለበት ሰው፣ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ካለች መስኮት ይከፈት፣ ራቅ ብለው ይቀመጡ። እምነታቸው ለመክበር የላቦራቶሪ ወረቀት አያስፈልገውም ባይ ነኝ። ይልቅ ስለ ጭሱ አንድ የሚገርም ነገር ልንገርህ፣ ሳማግሪው ውስጥ ጉጉል የሚባል ሙጫ አለ አይደል፣ እሱ የሚወጣበት ዛፍ ከኛ ከርቤ ጋር አንድ ወገን ነው፣ ኮሚፎራ ከሚባለው፣ የኛ የእጣን ዛፍም የሩቅ ዘመዳቸው ነው። ራጃስታንና ጉጃራት ደረቅ መሬት ላይ ነው የሚበቅለው፣ ሙጫው ሲፈለግ ሲፈለግ ዛፉ ከመጠን በላይ እየተበጣ አልቆ አሁን ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። መተማ ላይ የእጣን ዛፍ ሲበጣ ያየ ሰው ይሄ ነገር ይገባዋል፣ ዛፉ ሳያርፍ በላይ በላይ ሲቆሰል ዘሩም አይተካም። ሁለት ሕዝብ በአንድ ዓይነት ዛፍ ጭስ ሲጸልይ ኖሮ ሁለቱም ጋ ዛፉ ሲያልቅ በጣም ነው የሚያሳዝነኝ።

እሱ፦ እሺ አሁን እህታችን እዛ ቀን ላይ ምን ታድርግ፣ ምን አታድርግ?

እሷ፦ ቀኑን ሥጋም እንቁላልም ቤት እንዳይገባ፣ ምግቡም ብዙ ቤት ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አይገባበትም፣ ከመሥራትሽ በፊት ጠይቂያቸው። ጫማ አውልቀሽ ግቢ፣ ኩንዱንም ለእሳቱ የተዘጋጀውንም ዕቃ በእግርሽ አትሻገሪ፣ ዞረሽ እለፊ። ናይለን ነገር አትልበሺ፣ ነጠላም ሻርፕም ካለሽ ጫፉን አስገቢው። የጭስ ማስጠንቀቂያውን ነገር አስቀድመሽ አስታውሻቸው፣ አፓርታማ ከሆነ ጥበቃዎቹ እንዲያውቁት። አሸዋ በባልዲ አጠገብሽ ይሁን፣ ውሃ ሳይሆን አሸዋ፣ ምክንያቱም ቅቤ የጠጣ እሳት ላይ ውሃ ብታፈሺ ይፈነዳል፣ እነሱም ቢሆኑ ያንን እሳት በውሃ ማጥፋት ነውር ነው። የወር አበባ ላይ ነሽ ወይ ብለው ሊጠይቁሽም ይችላሉ፣ ብዙ ቤት ያን ጊዜ ሴት እንድትቀርብ አይፈልጉም፣ ለራሳቸው ሴቶችም እንደዛው ነው። እኔ ጥያቄውን አልወደውም ግን አንቺን ለይተው ያዋረዱሽ እንዳይመስልሽ።

እሱ፦ የሃይማኖቱስ ነገር?

እሷ፦ እሱን እኛ አንወስንላትም፣ የንስሐ አባቷን ወይ የምታምነውን የሃይማኖት ሰው ትጠይቅ። እኔ የምለው፣ ማጽዳትና ዕቃ ማቀበል አንድ ነገር ነው፣ እሳቱ ውስጥ መጨመርና ስቫሃ ማለት ሌላ ነገር ነው፣ ሁለተኛውን ካልፈለግሽ አሠሪሽን ከዋዜማው ብቻዋን ስትሆን ንገሪያት፣ በመሀል ሰው ፊት አይደለም። መጨረሻ ላይ ቅቤ የተሞላ ደረቅ ኮኮናት በቀይ ጨርቅ ተጠቅልሎ እሳቱ ውስጥ ይገባል፣ ያ ማብቂያው ነው፣ ከዛ ለአማልክቱ የቀረበውን ጣፋጭ ለሁሉም ያድላሉ፣ ግንባርሽም ላይ አመዱን ሊቀቡሽ ይመጣሉ። ካልፈለግሽ ሁለት እጅሽን ደረትሽ ላይ ገጥመሽ ጎንበስ በይና ፈገግ በይ፣ እኔ ሁሌ እንደዛ ነበር የማደርገው፣ አንድም ቀን የተቀየመኝ ሰው የለም።

እሱ፦ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ጽዳቱ የሷ ነው መቼም።

እሷ፦ የሷ ነው፣ ግን አትቸኩል። እሳቱ በራሱ ጊዜ ነው የሚጠፋው፣ አንድ ሰው አጠገቡ ይቆይ፣ ፍሙ ከላይ አመድ ለብሶ ከሥሩ እስከ ማታ ሊቆይ ይችላል። በማግስቱ ሲቀዘቅዝ አመዱን ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ እንዳትደፊው፣ በንጹህ ዕቃ ሰብስበሽ ለእመቤቲቱ ስጫት፣ ግማሹ የአበባ ማሰሮ ውስጥ ይገባል፣ ግማሹን ወራጅ ውሃ ላይ ይለቁታል፣ ትንሽ ደግሞ ለግንባር ያስቀምጣሉ። መዳቡን በሎሚና በጨው እሺው፣ እንደ አዲስ ይሆንልሻል።

እሱ፦ በጣም እናመሰግናለን፣ ሰዓታችን አልቋል። በቸር ያገናኘን።

እሷ፦ አሜን፣ ቻው ቻው።