ስሙ ሥራውን ይምሰል፦ ስለ ንቅለ ተከላና የህዋስ ሕክምና ነርሶች የብቃት ማረጋገጫ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቻችን፣ በአሜሪካ ሆስፒታሎች በመቅኔ ንቅለ ተከላ ክፍሎች የምታገለግሉ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ነርሶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የምንነጋገረው አንድ የሙያ ማረጋገጫ ስለሚጠራበት ስም ነው። ኦንኮሎጂ ነርሲንግ ሰርተፊኬሽን ኮርፖሬሽን እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የሰጠውን ቢኤምቲሲኤን፣ ማለትም የደምና የመቅኔ ንቅለ ተከላ ነርስ ማረጋገጫ፣ ብዙዎቻችሁ በባጃችሁ ላይ ይዛችኋል። ስሙ «ንቅለ ተከላና የህዋስ ሕክምና» ወደሚል መለወጡን በሙሉ ልብ እንደግፋለን። ምክንያታችን ያለው ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ በምንሠራው ሥራ ውስጥ ነው።

የማረጋገጫው ፈተና ሲጀመር ካር-ቲ፣ ማለትም የበሽተኛው የራሱ ቲ ህዋሶች (የመከላከያ ነጭ የደም ህዋሶች) ካንሰሩን እንዲያጠቁ ተለውጠው የሚመለሱበት ሕክምና፣ ገና በምርምር ላይ ነበር። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የመጀመሪያውን፣ ቲሳጀንሌክሉሴልን፣ የፈቀደው በኦገስት 2017 ነው፤ በኦክቶበር ደግሞ አክሲካብታጂን ሲሎሉሴል ተከተለ። በዚህ መስክ ያለው የአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር ስሙን ለውጦ የህዋስ ሕክምናን ጨምሮበታል፤ የማኅበሩ መጽሔትም በ2021 እንዲሁ አደረገ። የነርሶቹ ማረጋገጫ በአሮጌው ስም የሚቆይበት ምክንያት የለም።

«ስም ነው፣ ምን ይለውጣል?» የሚል ሰው ይኖራል። ስሙ ምን እንደምናጠና፣ አዲስ ነርስ ምን እንደምናስተምርና ክፍሉ ማንን እንደሚመድብ ይወስናል። በመቅኔ ንቅለ ተከላ ለዓመታት የጠቀመ ልማድ በካር-ቲ በሽተኛ ላይ ጉዳት የሚያመጣበት ጊዜም አለ።

የካር-ቲ ህዋስ አሰጣጡን እንመልከት። ከረጢቱ ከፈሳሽ ናይትሮጅን ይወጣል፣ በ37 ዲግሪ ይቀልጣል፣ የማቆያው ኬሚካል ዲኤምኤስኦም ያንኑ የምናውቀውን ሽታ ይሰጣል። የበሽተኛውን ማንነት በከረጢቱ ላይ ካለው መለያ ጋር ሁለት ሰው ያመሳክራል፤ ይህ የሚደረገው ከማቅለጥ በፊት ነው፣ ምክንያቱም የቀለጠ ከረጢት አይመለስም። ነጭ የደም ህዋስ የሚያስቀር ማጣሪያ ፈጽሞ አይገባም፤ የምንሰጠውን ራሱን ህዋስ ያስቀረዋልና። እስከዚህ ድረስ ከንቅለ ተከላው ብዙም አይለይም። ልዩነቱ ደም ስንሰጥ አለርጂን ለመከላከል የለመድነው ሃይድሮኮርቲዞን በተባለው ስቴሮይድ ላይ ይመጣል። ስቴሮይድ የቲ ህዋሶቹን ሥራ ሊያዳክም ስለሚችል፣ ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ካልገጠመ በስተቀር ፓራሴታሞልና ዳይፈንሃይድራሚን ብቻ ይሰጣል። ቀድሞ የተጻፈ የተለመደ ትእዛዝ በኮምፒውተሩ ላይ ሳይነሳ ቀርቶ ስቴሮይዱ እንዳይሰጥ፣ መድኃኒቱን የሚያየው የመጨረሻው ሰው ነርሱ ነው።

ቀጥሎ ትኩሳት አለ። በንቅለ ተከላ ክፍል ትኩሳት ሲመጣ እጃችን ሳናስብ ወደ ደም ካልቸር (በደም ውስጥ ጀርም ወደሚፈልገው ምርመራ) እና ወደ አንቲባዮቲክ ይሄዳል። ያ ትክክል ነው፤ እዚህ ግን አይበቃም። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነ ትኩሳት የሳይቶካይን ሪሊስ ሲንድረም፣ ማለትም የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት ከልክ በላይ የሚነሣበት ሁኔታ፣ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። የደም ግፊት መውረድ ከጀመረ ወይም ኦክስጅን ካስፈለገ ደረጃው ከአንድ ወደ ሁለት አልፏል፤ ግፊቱን ለማቆም የደም ሥር አጥባቂ መድኃኒት ካስፈለገ ሦስት ነው። ይህን ሁኔታ የሚያበርደው መድኃኒት፣ ቶሲሊዙማብ፣ 30 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሚመዝን በሽተኛ በኪሎ 8 ሚሊግራም፣ ከ800 ሳይበልጥ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። ህዋሱ ከመሰጠቱ በፊት ሁለት መጠን በሆስፒታሉ መኖሩን ፋርማሲውን እንጠይቅ። መድኃኒቱ ትኩሳቱንና ሲአርፒውን (የሰውነት መቆጣትን የሚያሳየውን የደም ምርመራ ውጤት) ስለሚያወርድ ከዚያ በኋላ ኢንፌክሽን ሊሸፈን ይችላል። «ትኩሳት የለውም» ብሎ ተረኛን ማረጋጋት አደገኛ ነው።

ካር-ቲ በነርቭ ላይም ጉዳት ሊያመጣ ስለሚችል የሚደረገው የአእምሮ ምርመራ፣ አይስ የምንለው የ10 ነጥብ ፈተና፣ በተለይ እናንተን ይመለከታል። በሽተኛው ዓመቱን፣ ወሩን፣ ከተማውንና ሆስፒታሉን ይናገራል፣ ሦስት ዕቃ ይሰይማል፣ አንድ ትእዛዝ ይፈጽማል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፣ ከመቶ በአሥር በአሥር ወደ ኋላ ይቆጥራል። አማርኛ ተናጋሪ እናት «ዓመቱ ስንት ነው?» ሲባሉ በራሳቸው የዘመን አቆጣጠር ከመለሱ ቁጥሩ ከፈረንጁ በሰባት ወይም በስምንት ያንሳል። ወሩንም «ግንቦት» ይላሉ። የማያውቅ ነርስ ሁለት ነጥብ ይቀንስና፣ አሥር ያገኙት ሴት ስምንት ይሆናሉ። ይህም ያለ ምክንያት የነርቭ ጉዳት አንደኛ ደረጃ ያስብላል። ስለዚህ ፈተናው ህዋሱ ከመሰጠቱ በፊት በአማርኛ ይደረግ፤ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚመልሱም በካርዱ ላይ ይጻፍ። ዓረፍተ ነገሩ በፊደላችን ይጻፍ፣ በየተረኛው ያው አንዱ ይደገም፣ ወረቀቱም አንድ ላይ ይቀመጥ። የእጅ ጽሑፍ መበላሸት ቀድሞ ከሚታዩ ምልክቶች አንዱ ነው። ልጃቸው አያስተርጉም፤ እናቱ እንዳያፍሩ መልሱን ቀስ ብሎ ይነግራቸዋል። ይህን ሲያደርግ ክፋት የለበትም፣ ምርመራው ግን ይጠፋል።

የቤት መመሪያውም እየተለወጠ ነው። በጁን 2025 በካር-ቲ ላይ የነበረው ልዩ የደኅንነት መርሐ ግብር ሲነሳ፣ መኪና አለመንዳት ከ8 ሳምንት ወደ 2፣ ከሕክምና ማዕከሉ አጠገብ መቆየትም ከ4 ሳምንት ወደ 2 ዝቅ ብሏል። በመደርደሪያ ላይ ያሉ አሮጌ ብሮሹሮች ይነሱ።

ስሙ ሲለወጥ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። በፈተናው ውስጥ የህዋስ ሕክምና ጥያቄዎች ከስሙ ጋር ይመጣጠኑ፤ ጂቪኤችዲ፣ ማለትም የተተከለው ህዋስ የበሽተኛውን አካል የሚያጠቃበት ሕመም፣ ግን ቦታውን አይልቀቅ፣ በሽተኞቹ አሁንም በክፍላችን ናቸውና። አሮጌውን ማረጋገጫ የያዘ ነርስም እንደገና አይፈተን፤ በየ4 ዓመቱ በሚደረገው እድሳት የህዋስ ሕክምና ትምህርት ይጨምር። የክፍል ኃላፊዎች ደግሞ በሥራ ማስታወቂያና በደረጃ እድገት ቅጽ ላይ ለተወሰነ ጊዜ ሁለቱንም ስም ጻፉ። የሰው ኃይል ክፍሉ ኮምፒውተር አንዱን ብቻ ከፈለገ፣ ብቁ ነርስ ማመልከቻው ሳይነበብ ይወድቃል። አመሰግናለሁ።