ሽቦውን ሳትነቅሉ

ክቡራትና ክቡራን፣ ጠጋኞች፣ ሰብሳቢዎች፣ የድሮ ጨዋታ ወዳጆች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

በራሴ ጥፋት ልጀምር። ከዓመታት በፊት አንድ የአርኬድ (በሳንቲም የሚሠራ የቪዲዮ ጨዋታ ማሽን) ቦርድ እጄ ገባ። ገልበጥ ሳደርገው ጀርባው ላይ ሦስት ቢጫ ሽቦዎች ተጋድመዋል። የቀድሞ ጠጋኝ ጥሎት የሄደ ሥራ መሰለኝና አንድ በአንድ ነቀልኳቸው፤ የነበሩበትንም ቦታ በአልኮል አጸዳሁ። ኤሌክትሪክ ስሰጠው ምስሉ ተበጣጥሶ መጣ። ልመልሳቸው ብል ፎቶ አላነሳሁም። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ሽቦዎቹን የበየዳቸው ፋብሪካው ራሱ ነበር። ያ ቦርድ ከጨዋታው የመጀመሪያ ሥሪቶች አንዱ ነበር፤ ማስረጃውን በገዛ እጄ አጠፋሁት። ዛሬም ይቆጨኛል። እዚህ ፊታችሁ የቆምኩትም እናንተ እንዳትደግሙት ብዬ ነው።

የመጀመሪያ ሥሪት ሲያዩት አያምርም፤ ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። ቦርዱ ታትሞ ካለቀ በኋላ ስህተት ይገኛል። የታተመው ሁሉ እንዳይጣል የመዳቡ መስመር በስለት ይቆረጥና በሽቦ ሌላ መንገድ ይሠራለታል። በሚቀጥለው ኅትመት እርማቱ ቦርዱ ውስጥ ይገባል፤ ሽቦውም ይጠፋል። ስለዚህ ንጹሑ ቦርድ የኋለኛው ነው፤ የተለጣጠፈው ደግሞ የፊተኛው። እኛ ግን የተለጣጠፈውን «ተበላሽቷል» ብለን መለዋወጫ እናደርገዋለን።

የፋብሪካን ሽቦ ከጠጋኝ ሽቦ መለየት ይቻላል። የፋብሪካው ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ውፍረት አለው፣ ቀጥ ብሎ ተዘርግቶ በየቦታው ጠብታ ሙጫ ይያዛል፣ የብየዳው ነጥብም እንደ ጎረቤቶቹ ያረጀ ነው። የጠጋኙ ባገኘው አቋራጭ ይሄዳል። ጥሩ እጅ ያለው ጠጋኝም ስላለ ግን ይህ ብቻውን አያሳምንም። የሚያሳምነው ሌላ ባለቤት ጋ ያለ፣ ያው ቁጥር የታተመበት ቦርድ በዚያው ቦታ ያንኑ ሽቦ ይዞ ሲገኝ ነው። ፎቶ መለዋወጥ ያለብንም ለዚህ ነው።

ዶንኪ ኮንግን እንውሰድ። ኒንቴንዶ ሬዳር ስኮፕ የተባለውን ጨዋታ ወደ አሜሪካ ልኮ 2000 ያህሉ ሳይሸጥ ቀረ። በ1981 እነዚያ ማሽኖች ወደ ዶንኪ ኮንግ ተቀየሩ። አዲስ ጨዋታ በአሮጌ ቦርድ ላይ ተጫነ ማለት ነው፤ ቦርዱም በሽቦና በተቆረጠ መስመር ተሞላ። ሰብሳቢዎች ይህን ቲኬጂ-2 ይሉታል። ቀጥሎ ለጨዋታው ተብሎ የተሠራው ቲኬጂ-3 መጣ፤ ሁለቱም አራት ቦርዶች የተደራረቡባቸው ናቸው። በቲኬጂ-4 ግን ሁሉም ነገር ወደ ሁለት ቦርድ ወረደ፤ አንዱ የፕሮሰሰሩ፣ ሌላው የምስሉ። ተጫዋቹ ስክሪኑ ላይ የሚያየው ያው ዝንጀሮ ነው። ጀርባውን የከፈተ ሰው ግን አንድ ኩባንያ ከኪሳራ እንዴት እንደወጣ በሽቦ ተጽፎ ያገኘዋል። እኔን እዚህ ሥራ ውስጥ የከተተኝ ይህ ነው።

ከዚህም ወደ ኋላ ስንሄድ በ1972 የወጣው ፖንግ አለ። ፖንግ ፕሮሰሰር የለውም፣ ፕሮግራምም የለውም፤ ጨዋታው ራሱ የቺፖቹ አያያዝ ነው። እዚያ ላይ ሽቦ መንቀል ከፕሮግራሙ ላይ መስመር እንደመሰረዝ ነው።

አሁን ወደ ቀን እንምጣ። አብዛኞቹ ቺፖች ላያቸው ላይ አራት አኃዝ አለ። 8123 ካለ በ1981፣ በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ነገር ግን ይህ የቺፑ ቀን እንጂ የቦርዱ አይደለም። ቺፕ መጋዘን ውስጥ ወራት ሊቀመጥ ይችላል፤ ቦርዱ ግን ላዩ ላይ በፋብሪካ ከተበየደው የመጨረሻ ቺፕ ሊቀድም አይችልም። ስለዚህ አንድ ቺፕ አይታችሁ አትፍረዱ። ሃያ ሠላሳውን መዝግቡ። ሁሉም 1980 መጨረሻና 1981 መጀመሪያ ላይ ሆነው አንዱ ብቻውን 1986 ካለ፣ ያ ቺፕ በኋላ የገባ እንግዳ ነው። ብየዳውን በአጉሊ መነጽር እዩት፤ ከጎረቤቶቹ ይልቅ ሲያብረቀርቅ ታገኙታላችሁ።

አንድ ወጥመድ ልጠቁማችሁ፤ ጀማሪ ሁሉ ይወድቅበታል። 7432 የሚል ጽሑፍ አያችሁ እንበል። በ1974፣ 32ኛው ሳምንት ነው? ሊሆን ይችላል። ግን 7432 የታወቀ የሎጂክ ቺፕ ስምም ነው። 7408ም እንዲሁ። 7474 ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ በዓመት ውስጥ 74 ሳምንት የለም። የ1970ዎቹን ቦርድ ስታዩ መጀመሪያ የቺፑን ስም ለዩ፤ ቀኑ በሌላኛው መስመር ላይ ነው። አንዳንድ የጃፓን አምራቾች ደግሞ ዓመቱን በአንድ አኃዝ፣ ወሩን በፊደል ይጽፋሉ፤ እነዚህን ብቻቸውን ይዛችሁ አሥርት ዓመቱን ማወቅ አትችሉም።

ስለ ሌብል ደግሞ። አታሪ ለእያንዳንዱ ሮም ቺፕ፣ ማለትም ፕሮግራሙን ለያዘው ቺፕ፣ ስድስት አኃዝ ሰጥቶ ከሰረዙ በኋላ ሥሪቱን ይጽፍ ነበር። የአስትሮይድስን 035145-02 ከ035145-04 የሚለየው ይኸው መጨረሻው ነው። ዊልያምስ ቀለም ይጠቀም ነበር፤ የዲፌንደር ሥሪቶች እስከ ዛሬ ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ ሌብል እየተባሉ ነው የሚጠሩት። ሆኖም ሌብል ወረቀት ነው። ወረቀቱ ሳይነካ ቺፑ ውስጥ ሌላ ፕሮግራም ተጽፎበት ሊሆን ይችላል፤ ጥገና ቤቶች ይህን ሲያደርጉ ኖረዋል። ስለዚህ የቺፑን ይዘት በማንበቢያ መሣሪያ አንብቡት፤ ከማሜ (MAME፣ የአርኬድ ጨዋታዎችን በኮምፒውተር ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም) መዝገብም ጋር አስተያዩት።

በኢፕሮም፣ ማለትም ፕሮግራሙ ጠፍቶ እንደገና በሚጻፍበት ቺፕ፣ ላይ ያለውን ሌብል ግን ልታዩት ብላችሁ እንኳ አትላጡ። ሥሩ የመስተዋት መስኮት አለ፤ ፕሮግራሙ የሚጠፋው በዚያ በሚገባ አልትራቫዮሌት ብርሃን ነው። የአምራቾቹ ሰነዶች ቀጥተኛ ፀሐይ በአንድ ሳምንት ገደማ፣ የክፍል ፍሎረሰንት መብራት ደግሞ በሦስት ዓመት ገደማ ሊያጠፋው እንደሚችል ይናገራሉ።

ያነበባችሁት ከታወቁት ሁሉ ቢለይ ልባችሁ ይመታል፤ አውቀዋለሁ። ተረጋጉ። እግሮቹን በቀስታ አጽዱና ሦስት ጊዜ አንብቡት። በየጊዜው የተለያየ ውጤት ከሰጠ ቺፑ እየሞተ ነው ወይም እግሩ አልነካም። ሦስቱም ጊዜ አንድ ዓይነት ከሆነም ገና አላለቀም፤ ሁልጊዜ ያው አንድ ቢት (አንዷ 0 ወይም 1) ብቻ የሚሳሳት ቺፕ አለና። ልዩነቱ የት የት እንደሆነ ተመልከቱ። የሰው እርማት ትርጉም ባለው ቦታ ላይ ይሰበሰባል፤ ጽሑፍ ይቀይራል፣ ትእዛዝ ይጨምራል። ብልሽት ግን ቦታ አይመርጥም። እርማት መስሎ ከታያችሁ ፋይሉን ከቦርዱ ፎቶ ጋር አስቀምጡ፤ ቺፑንም ወደ ቦታው መልሱት። «አዲሱ ሥሪት ይሻላል» ብላችሁ አትተኩት። መጫወት ለፈለገ አዲሱ በየቦታው አለ፤ አሮጌው ምናልባት የቀረው እናንተ ጋ ብቻ ነው።

የምጠይቃችሁ ሁለት ፎቶ ነው፤ አንድ የፊት፣ አንድ የጀርባ፤ መፍቻም ሆነ አልኮል ከመነካቱ በፊት፣ ቁጥሮቹ እስኪነበቡ ድረስ ከቅርብ። ቦርድ ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ አጉሊ መነጽርና ካሜራ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ። ስንጨርስ ወደዚህ ኑ፤ ከጀርባው እንጀምራለን።