የተበጠሰ ሽቦ ባለቤት አለው

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድም እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ! በዚህ በደብረ ብርሃን ብርድ ከምድጃ ዳር ተነስታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ፤ ብዙ አላቆያችሁም።

ከዓመታት በፊት አጎቴ በሬ ሞተበት። ሌሊት ነፋስ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ገንጥሎ ሽቦ ላይ ጣለው፣ ሽቦው ተበጥሶ ጤዛ ያዘለ ሣር ላይ አደረ፣ ጠዋት በሬው ረገጠው። አጎቴ «የእግዜር ቁጣ ነው» ብሎ ቀበረው። በዚያ ክረምት ከጎረቤት ጋር ተቀናጅቶ አረሰ። ዛፉ ሽቦውን እንደሚነካ ግን ለመብራት ሰዎች ደጋግሞ ነግሯቸው ነበር። በአፍ! ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2069 ሰውን ለተለየ አደጋ ያጋለጠ፣ አደጋው ሲደርስ ይክሳል ይላል። ከፍተኛ ኃይል ያለው የኤሌክትሪክ መስመር መዘርጋት በስም ተጠቅሷል። እዚያ ላይ ጥፋቱን አሳዩ አትባሉም። የመብራት ድርጅቱም «አላጠፋሁም፣ ነፋስ ነው» ብሎ አያመልጥም። ተጎጂው ራሱ ካጠፋ ግን ሌላ ነው፤ ከመስመር ላይ በስውር ሽቦ ስቦ የተያዘ ሰው ብዙ አይደመጥም።

ሕጉ «ከፍተኛ» ያለውን በቮልት አልለካውም። ትራንስፎርመር ድረስ የሚመጣው 15 ሺህ ወይም 33 ሺህ ቮልት ነው፣ ወደ ቤታችን የሚገባው 220። ስለዚህ የቤት መስመር ከሆነ ክርክር ይነሳል፤ ያኔ በቁጥር 2028 ጥፋቱን ማስረዳት የእናንተ ሥራ ይሆናል። ኒውትራሉ፣ ማለትም የመመለሻው ሽቦ፣ ተበጥሶ ቮልቱ ወደ 380 ሲጠጋ ፍሪጅና ቴሌቪዥን ይቃጠላል፣ ይሄ የምናውቀው ነው። ታዲያ ያ ሽቦ እንደላላ ድርጅቱ ቀድሞ ያውቅ ነበር ወይ? መልሱ ያለው ወረቀት ላይ ነው። ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ጻፉ፣ መዝገብ ቤት አስገቡ፣ በእናንተ ቅጂ ላይ ቀንና ማኅተም ይመታበት። የተቃጠለውን ዕቃም ሳይታይ አትጣሉት።

ጊዜም አለ፤ በቁጥር 2143 ክሱ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው አለፈ ተብሎ፣ ይታገዳል። ሐዘን ላይ ያለ ቤተሰብ ሁለት ዓመት እንዴት እንዳለፈ አያውቀውም፣ ስንቱን አይቻለሁ።

ሰው ሲሞት የትዳር ጓደኛ፣ ልጆችና ወላጆች ለቀረባቸው መተዳደሪያ በራሳቸው ስም ይጠይቃሉ። ለሞራል ጉዳት፣ ለሐዘኑ ማለት ነው፣ ግን ሕጉ ጣሪያ አበጅቷል፤ 1,000 ብር። በ1952 ቁም ነገር ነበር። ዛሬ የበዓል ዶሮ ይገዛ እንደሆነ እናንተ ንገሩኝ።

በሉ፣ ከዳገቱ ላይ ያዘነበለውን ምሰሶ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዣለሁ። ማመልከቻውን ዛሬውኑ እንጽፋለን፤ መጻፍ የማይችል ይነግረኛል፣ እኔ እጽፍለታለሁ።