የውበት ሥራ፣ ግብር እና የሽያጭ ደብተር

[ምስል፦ ደሴ ፒያሳ ከፎቅ ላይ፤ ከበስተጀርባ የጦሳ ተራራ። ድምፅ ይገባል።]

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። የዛሬው ቪዲዮ በሰው ሳሎን በፐርሰንት ስትሠራ ቆይታ የራሷን ቤት ለከፈተች እህት ነው። ከዓረብ አገር ሙያ ይዛ ተመልሳ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልድያ፣ ሐይቅ ወይም ከሚሴ ላይ ሥራ ለጀመረችም እንደዚሁ። ወንድሞችም ብትሆኑ ነገሩ ያው ነው፤ እኔ ግን ሙያው ላይ ሴቶች ስለሚበዙ «አንቺ» እያልኩ ልቀጥል።

ስለ ፊሻል፣ ማለትም ስለ ፊት እንክብካቤ፣ አይደለም የምናወራው፤ ስለ ግብር እና ስለ ወጪ ነው። አብሽሪ፣ ሒሳቡ ከመደመርና ከመቀነስ አያልፍም።

[በስክሪኑ ላይ፦ ግብሩን የሚሰበስበው ማን ነው?]

ብቻሽን በስምሽ የምትነግጂ ከሆነ ግብር የምትከፍይው ለክልሉ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 ላይ በክልሉ ውስጥ የሚሠሩ ግለሰብ ነጋዴዎችን ግብር ለክልል ሰጥቶታል። ስለዚህ ጉዳይሽ ያለው አዲስ አበባ ሳይሆን እዚሁ ከተማሽ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ነው። ቲን ነምበር፣ ማለትም የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርሽን፣ ከዚያ ትወስጃለሽ፤ ምዝገባና ንግድ ፈቃዱን ደግሞ ከንግድ ጽሕፈት ቤት።

«እኔ ሱቅ የለኝም፣ ቤት ለቤት እየዞርኩ ሙሽራ ነው የማስውበው» የምትል አትጠፋም። ግብሩ የተጣለው በገቢው ላይ ነው፤ ሻንጣ ይዘሽ ብትዞሪም ገቢ ገቢ ነው።

[በስክሪኑ ላይ፦ 2 ሚሊዮን ብር]

አሁን ዋናው ነገር ጋ ደረስን። በፊት ደረጃ ሀ፣ ለ፣ ሐ የሚባል የግብር ከፋዮች ክፍፍል እንደነበር ሰምተሻል። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 1395፣ ይህንን ወደ ሁለት አወረደው፤ መለያው መስመር በዓመት 2 ሚሊዮን ብር ሽያጭ ሆነ። ከዚያ በታች ያለው ደረጃ ለ ነው። ክልሉ በራሱ ሕግ ስለሚያስከፍል ስትመዘገቢ የትኛው ደረጃ ላይ እንደተመደብሽ በጽሑፍ አይተሽ ውጪ።

አዲስ የተከፈተ ሳሎን አብዛኛውን ጊዜ ከመስመሩ በታች ነው። ቀን 4 ደንበኛ በ800 ብር፣ በወር 26 ቀን ብትሠሪ በዓመት 998,400 ብር ነው። ከግማሹም በትንሹ ያንሳል።

ታዲያ ብዙዎች የሚስቱት ነገር እዚህ ላይ ነው። ደረጃ ለ ላይ ግብሩ የሚሰላው ከሽያጭሽ ነው እንጂ ከትርፍሽ አይደለም። ሁለት ሴቶች በዓመት እያንዳንዳቸው 900,000 ብር ሠሩ እንበል። አንዷ ወጪዋን ሸፍና 300,000 ቀራት። ሌላዋ ኪራይ ከብዷት፣ ዕቃ አባክና፣ ለወዳጅ ዘመድ ዋጋ እየቀነሰች 60,000 ብቻ ቀራት። ግብራቸው እኩል ነው! ሁለተኛዋ «ኧረ ምንም አላተረፍኩም» ብትል እውነቷን ነው፤ ሒሳቡን ግን አይለውጠውም።

«እንግዲያው ወጪ መጻፉ ምን ሊረባኝ?» ትይ ይሆናል። እንዲያውም የበለጠ የሚያስፈልገው አሁን ነው። ኪሳራሽን ግብሩ ስለማያይልሽ አንቺ ራስሽ ቀድመሽ ማየት አለብሽ፤ የምታይውም ዋጋ ስትቆርጪ ነው።

[ምስል፦ እጅ ስኩዌር ደብተር ላይ ሲጽፍ።]

አንድ ፊሻል እንይ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ የራስሽን አስገቢበት። የምታስከፍይው 800 ብር። አንድ ብልቃጥ ማስክ በ1,800 ገዝተሽ 20 ሰው ከሠራሽበት የአንዷ ድርሻ 90 ብር ነው። ጓንትና ጥጥ 35። መብራትና ውኃ፣ በጀሪካን የምትገዢውን ጨምሮ፣ 20። ኪራይሽ በወር 9,000 ከሆነ ለ26 ቀን ሲካፈል በቀን 346 ይሆናል፤ ለ4 ደንበኛ ስታካፍይው 87 ብር። እስካሁን 232። ሥራውን የሠራችው ረዳትሽ ከሆነችና 40 ፐርሰንት የምትወስድ ከሆነ 320 የእርሷ ነው። ድምሩ 552፤ የቀረሽ 248 ብር። ግብሩም፣ የማሽኑ ማርጀትም፣ የአንቺ ምሳና ታክሲም ከዚህ ነው የሚወጣው።

አሁን ደንበኛዋ «የእናትሽ ጎረቤት አይደለሁ?» ብላ 600 ከፈለች። የረዳትሽ ድርሻ 240 ይሆናል፣ ሌላው አይቀንስም፤ የቀረሽ 128። የ200 ብር ይሉኝታ ከትርፍሽ ግማሹን ያህል ወሰደ። ወሎ ላይ ለጎረቤት አትቀንሺ ብል ማንም አይሰማኝም፤ ስንት እንደሆነ እያወቅሽ ቀንሺ ግን።

[በስክሪኑ ላይ፦ የአንድ ቀን ገጽ]

ወደ ሽያጩ ደብተር እንምጣ። ግብርሽ የሚወጣው ከእርሱ ነውና ከወጪው ይልቅ ጥብቅ መሆን ያለበት እርሱ ነው። አንድ የሠርግ ቀን ገጽ እንዲህ ይመስላል፦

እሑድ፣ ጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.
የሙሽራ ሜካፕና ፀጉር፣ 6,000። ቀብድ 2,000 ታኅሣሥ 20 ገብቷል፤ ዛሬ 4,000 በቴሌብር።
ሽሩባ ለሚዜዎች፣ 3 ሰው በ400፣ 1,200 በጥሬ።
ጥፍር፣ 700 በባንክ።
ቅንድብ፣ 2 ሰው በ150፣ 300 በጥሬ።
የቀኑ ሥራ 8,200። ዛሬ እጅ የገባ 6,200።

ቀብዱን አየሽው? የተቀበልሽበት ቀን ላይ ካልጻፍሽው ወይ ይረሳል፣ ወይ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። በጥር ሠርግ መሐል ማንም ጭንቅላቱን አያምንም፤ ማታ ከመዝጋትሽ በፊት ጻፊ።

ይህን ገጽ ባትጽፊ ምን ይሆናል? ገቢሽ በግምት ይሠራል። የ2009ኙን የቀን ገቢ ግምት ያስታወሰ ነጋዴ አሁንም ስሙን ሲሰማ ፊቱ ይቋጠራል። ገማቹ ሳሎንሽ ገብቶ ወንበር ይቆጥራል፣ ቦታውን ያያል፣ የተቀመጡትን ደንበኞች ያያል። የመጣው ለዒድ ዋዜማ፣ ሂና የምትቀባው በተሰለፈችበት ቀን ከሆነ ደግሞ አስቢው። ያኔ «ዓመቱን ሙሉ እንዲህ አይደለም» ማለት ብቻውን የትም አያደርስም። በቀን በቀን የተጻፈ ደብተር ይዘሽ በጽሑፍ አቤት ስትይ ግን ቢያንስ የሚነበብ ነገር አቅርበሻል። ግምቱ ከበዛብሽ ከሰው ጋር እየተማከርሽ አትቆይ፤ የአቤቱታ ጊዜ ገደብ አለው፣ ማስታወቂያው በደረሰሽ ሳምንት ጻፊ።

ሒሳብ ቁጥርሽንም ለይ። ይህ ለእኛ አካባቢ በተለይ ያስፈልጋል፤ ስንቱ ቤት ወንድም ወይም እህት ከሳዑዲ ብር ይልካል። ለእናትሽ የተላከው 30,000፣ የእቁብ ዕጣሽ፣ የሙሽራዋ ክፍያ፣ ሁሉም አንድ ሒሳብ ውስጥ ከተዘበራረቀ በኋላ የቱ ሽያጭ እንደሆነ ለማስረዳት አንቺው ትቸገሪያለሽ። ለሥራው አንድ የባንክ ሒሳብ ክፈቺ፣ ግድግዳው ላይ የምትለጥፊው እርሱ ብቻ ይሁን።

[በስክሪኑ ላይ፦ የቤት ወጪ እና የሥራ ወጪ]

እቁብን ካነሳን አይቀር፣ ወጪ ላይ የሚጻፍና የማይጻፍ ነገር አለ። እቁብ ወጪ አይደለም፣ ቁጠባሽ ነው። የቅሬ፣ የዕድር፣ መዋጮ የግልሽ ነው። ዘካም ሰደቃም እንደዚሁ፤ በሃይማኖት የሚሰጥ እንጂ ሳሎኑን ለማንቀሳቀስ የወጣ ገንዘብ አይደለም። የልጅ ትምህርት ቤት፣ የቤት አስቤዛ፣ የራስሽ ልብስ፣ ሁሉም ከሥራው ደብተር ውጭ።

የሚገርምሽ ቡናው ነው። ለደንበኛ የምትጋብዥው አቦል፣ በፌዴራሉ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት መስተንግዶ ይባላል፣ ግብር ከሚሰላበት ገቢ ላይም ተቀናሽ አይሆንም። ወሎ ውስጥ ቡና የማይፈላበት ሳሎን ማን ይገባል ብለሽ ብትከራከሪ እኔ ካንቺ ጋር ነኝ፤ ሕጉ ግን እንደዚያ አይልም። በደብተርሽ ለብቻው መስመር ስጪውና ስንት እንደሚበላ እወቂ።

ተቀናሽ የሚባለው ነገር ራሱ በደንብ የሚሠራው ሽያጭሽ ከ2 ሚሊዮን ሲያልፍ ነው። ያኔ ደረጃ ሀ ትሆኛለሽ፣ የሒሳብ መዝገብ ግዴታ ነው፣ ግብሩም ከትርፍ ላይ ነው፤ ከፍተኛው መጠን 35 ፐርሰንት ይደርሳል። ተጨማሪ እሴት ታክስም 15 ፐርሰንት አብሮ ይመጣል። ያኔ ማሽን የገዛሽበትን ብር በአንድ ዓመት አታጠፊውም። 36,000 ብር የወጣበት ስቲመር በየዓመቱ 15 ፐርሰንቱ፣ ማለትም 5,400 ብር፣ የእርጅና ቅናሽ ይያዝለታል። እዚያ ደረጃ ስትደርሺ የሒሳብ ባለሙያ ቅጠሪ፤ ይህንን በዩቲዩብ አትጨርሽውም።

[ምስል፦ የኪራይ ውል ወረቀት፣ ቁጥሩ ላይ ካሜራው ቀርቦ።]

አንድ ነገር ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ የቤት ኪራይ ውል። አከራዩ «ውሉ ላይ 4,000 እንጻፍ፣ አንቺ 9,000 ትከፍያለሽ» ይልሻል። ቤቱ ዋና መንገድ ላይ ነው፣ ሌላ ተከራይ በር ላይ ቆሟል፣ ትፈርሚያለሽ። በኪራዩ ላይ ግብር መክፈል ያለበት እርሱ ነው፤ ቁጥሩን ያሳነሰውም ለዚህ ነው። በወር 5,000፣ በዓመት 60,000 ብር ከኪስሽ ወጥቶ በወረቀት ላይ የለም። ባንክ ብድር ስትጠይቂ የለም። ደረጃ ሀ ስትሆኚ ወጪ ብለሽ ማስመዝገብ አትችይም። ከተጣላችሁም ማስረጃሽ 4,000 ነው የሚለው። ድርድሩ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢያንስ ክፍያውን በእጅ ሳይሆን በባንክ አድርጊው፣ ምክንያቱ ላይም «የሳሎን ኪራይ፣ የየካቲት» ብለሽ ጻፊ።

የዕቃ ግዢም ያው ነው። «በደረሰኝ ወይስ ያለ ደረሰኝ?» ሲሉሽ ልዩነቱን አስልተሽ መልሺ። ደረሰኝ ያልተሰጠሽን ጥቃቅን ነገር ቀኑን፣ ሻጩንና ዋጋውን በራስሽ ወረቀት ጽፈሽ አስፈርሚ። ሁሉንም ፎቶ አንስተሽ ሌላ ቦታም አስቀምጪ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ሱቁን ጥሎ የወጣ ሰው ወረቀት ሱቅ ውስጥ ብቻ መቅረቱ ምን ማለት እንደሆነ ይነግርሻል። ወረቀቶቹን ቢያንስ ለ5 ዓመት አትጣይ።

ረዳት ከቀጠርሽ ባጭሩ፦ የወር ደመወዟ ከ2,000 ብር ካለፈ የሥራ ግብር ቆርጠሽ ገቢ ታደርጊያለሽ። ለጡረታ ደግሞ ከእርሷ 7፣ ካንቺ 11 ፐርሰንት። «በፐርሰንት ነው የምትሠራው» ስላልሽ ብቻ ነገሩ አይቀርም።

[በስክሪኑ ላይ፦ የዓመቱ ቀን መቁጠሪያ]

ገንዘቡ መቼ ይቀመጥ? የግብር ዓመቱ ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። ሒሳቡ የሚዘጋው ክረምት ላይ ነው፤ ሠርግ የለም፣ ጦሳን ጉም ሸፍኖታል፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ደንበኛም የለም። ብሩ የገባው ጥር ላይ ነበር።

እኛ ደግሞ ሁለት የጾም ወቅት ነው ያለን። በ2017ም በ2018ም ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተገጣጥመው የካቲትና መጋቢት ላይ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሠርጉን አቁሞ ነበር። ከዚያ ዒድና ፋሲካ ሲመጡ ቤቱ ይሞላል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ስለሚመጣ ግጥምጥሙ ይላቀቃል፤ የዘንድሮውን ዓይነት ወር ለሚመጣው ዓመት አታስቢ፣ አዲሱን ቀን መቁጠሪያ እይ። በእኔ አስተያየት በየወሩ እኩል ከማስቀመጥ ይልቅ ከየሠርጉ ላይ ወዲያው መቁረጥ ይሻላል፤ ከሙሽራዋ 6,000 ላይ 500ውን በዚያው ማታ ወደ ሌላ ሒሳብ ማዛወር። ግንቦት ሲያልቅ የሐምሌው ግብር ተቀምጧል ማለት ነው።

ግብር ሳትከፍይ ክሊራንስ፣ የግብር ዕዳ የለባትም የሚለው ወረቀት፣ አይሰጥሽም፤ ያለ ክሊራንስ ደግሞ ፈቃድ አይታደስም። የእድሳቱ ጊዜ ያለ ቅጣት ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው፤ የመጨረሻውን ሳምንት ወረፋ ለሌላ ሰው ተዪለት።

መዝጋት ከመጣ፣ ለምሳሌ እንደገና ወደ ውጭ የምትሄጂ ከሆነ፣ ቁልፉን ለአከራይ ሰጥቶ መሄድ አይበቃም። ፈቃዱ በስምሽ ክፍት እስከሆነ ድረስ እየሠራሽ ነው ተብሎ ግብሩ ሊወሰንብሽ ይችላል። ፈቃዱን ለንግድ ጽሕፈት ቤት መልሺ፣ ገቢዎች ሄደሽ ሥራ ማቆምሽን አስመዝግቢ፣ የሰጡሽን ደብዳቤ ዋናውን ለእናትሽ ተዪ፣ ፎቶውን ስልክሽ ላይ ያዢ።