ጥምቀተ ባሕሩን የት ትመድቡታላችሁ?

የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፣ ውድ ተመራቂዎች፣ እንኳን ለዚህ ቀን በቃችሁ!

አዘጋጆቹ «ስለ ሙያ ሥነ ምግባር ተናገር» ብለውኛል። እናገራለሁ፤ በእኔ ዘንድ ግን ሥነ ምግባር ከድረ ገጽ አድራሻ ይጀምራል። የመመረቂያ ሥራዎቻችሁን አይቻለሁ። አብዛኞቻችሁ የምድቡን ስም በዕቃው አድራሻ ውስጥ ሰንቅራችሁታል። እኔንም ይኸው ነገር አዋርዶኛልና ላጫውታችሁ።

ከዓመታት በፊት እዚሁ ፒያሳ ለአንድ የሀገር ልብስ ነጋዴ ድረ ገጽ ሠራሁ። ጋቢውን «/ልብስ/የወንዶች/ጋቢ/42» ብዬ አስቀመጥሁት። ሲያነቡት ያምራል፤ ኮራሁበት። ነጋዴው አድራሻዎቹን በቴሌግራም ለደንበኞቹ በተነ፤ ባሕር ማዶ ላሉትም ጭምር። ጥምቀት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ደወለና «ጋቢውን ወደ በዓል ልብስ አዛውርልኝ» አለኝ። ዳታቤዙ ላይ አንድ መስመር ቀየርሁ፤ አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ማታውኑ ስልኬ ይጮህ ጀመር። አድራሻው ከምድቡ ስም የተሠራ ነበርና፣ የተበተነው የጋቢ አድራሻ ሁሉ 404፣ ማለትም «ገጹ አልተገኘም»! ጋቢው መደርደሪያው ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል፣ ድረ ገጹ ግን «የለም» ይላል። ነጋዴው ያለኝን እዚህ አልደግመውም፤ እናቶች ተቀምጠዋል።

እስቲ እናንተው ፍረዱ። የፋሲለደስን ጥምቀተ ባሕር የት ትመድቡታላችሁ? ቅርስ ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 ከፋሲል ግቢ ጋር በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። ጥር 11 የአምልኮ ስፍራ ነው። ለአስጎብኚው የዕለት እንጀራው ነው። ምድቡ እንደ ጠያቂው ይለዋወጣል፤ ቦታው ግን ንቅንቅ አላለም።

ስለዚህ ጋቢው «/ዕቃዎች/42» ይባል፤ አለቀ። ምድቡም ራሱን ችሎ «/ምድቦች/7» ይሁን። በምድብ የሚፈልግ «/ዕቃዎች?ምድብ=7» ብሎ ያጣራ። ጋቢው ሦስት ምድብ ውስጥ ቢገባ ዕቃንና ምድብን በሚያጣምረው የዳታቤዝ ሠንጠረዥ ላይ ሦስት ረድፍ ይጨመራል እንጂ ሦስት አድራሻ አይወጣለትም። «/ምድቦች/7/ዕቃዎች» ዝርዝር ለማሳየት ብቻ ከሆነ አልጣላውም። ያለ ባለቤቱ መኖር የማይችል ነገር፣ ለምሳሌ በአንድ ትዕዛዝ ውስጥ ያለ የዕቃ መስመር፣ በትዕዛዙ ሥር ቢያድር ደግሞ ተገቢ ነው።

«ሬስት፣ ያ የድረ ገጽ አገልግሎቶች የሚነደፉበት ስልት፣ እንዲህ ያዛል» የምትሉኝ አላችሁ። ማን አዘዘ? ሮይ ፊልዲንግ በ2000 በዶክትሬት ጽሑፉ ሬስትን ሲያቀርብ አድራሻን እንደ ሞሰብ ደራርቡ አላለም! መደርደሪያ አድራሻ አይደለም! ለዓይን አማረ ብላችሁ የሰው ገበያ አትዝጉ!

ሌላው አጭር ነው። «/ዕቃ-ሰርዝ» ብላችሁ የጻፋችሁ፣ ግሱን ለኤችቲቲፒ፣ ማለትም አሳሽና ሰርቨር ለሚነጋገሩበት ደንብ፣ ተዉለት፤ የእርሱ ትዕዛዞች ጌት፣ ፖስት፣ ፑትና ዲሊት ሥራቸው ይኸው ነው። ረጅም ዝርዝርንም በገጽ ከፋፍሉት።

የነጋዴው ነገር እንዴት አለቀ? ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ለእያንዳንዱ ዕቃ አጭር አድራሻ አወጣሁና አሮጌዎቹን አንድ በአንድ በ301፣ «በቋሚነት ተዛውሯል» በሚለው ምላሽ፣ ወደዚያው አዞርኋቸው። ሲነጋ ጋቢው ተገኘ። በዓመቱ ሰውየው «የበዓል ልብስ» የሚለውን ምድብ ከነጭራሹ አሰረዘኝ። ያን ቀን ማታ ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ጠበቅሁ። ማንም አልደወለም።